የእናቴ የራስ ቅቤና የአያቴ ኮርቻ

አባቴ ለጥር ጊዮርጊስ የሚጋልበውን ፈረስ ገጠር ካለው ወንድሙ ተዋሰ። ኮርቻው ግን የራሱ ነው፣ ያውም ከአባቱ የወረሰው። እንጅባራ ቤታችን ግድግዳ ላይ ስንት ዘመን ተሰቅሎ ቆዳው ደርቆ ቋንጣ መስሏል። "ዘንድሮ በአባቴ ኮርቻ ከፈረሰኞቹ ጋር ካልወጣሁ፣ ጉልበቴ ለከርሞ አይጠብቀኝም" አለና አወረደው።

የእናቴ ዓይን ያረፈው የእርካቡ ጠፍር ላይ ነው። የጋላቢውን እግር የሚሸከመው እሱ ነው፤ ሲያጥፉት ይሰነጠቃል።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ተበጥሶ አጥንትህ ቢሰበር ማን ሊያስታምምህ ነው?"

"አንቺ ነሻ!" አላት። እሷ አልሳቀችም።

ሥራው ተጀመረ። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ። ፀሐይ ካየ ይብሱን ይደርቃል ብሎ ጥላ ውስጥ አሰጣው። ከዚያ ቅቤ በመዳፉ እያሟሟ በጣቱ ያሸዋል፤ ቆዳው ጠጥቶ ሲጨርስ እንደገና ይቀባዋል። አይ አባቴ! ሚስማር ምታ ሲባል ወገቤን የሚል ሰው ሳምንቱን ሙሉ ከኮርቻው ሥር አልተነሳም። ጠፍሩም እየለሰለሰ መጣ።

ቤቱ ግን የሙሽራ ቤት ይሸት ጀመር። እናቴ ሽታውን ተከትላ ጓዳ ገባች። አሪቲ ጨምራ ለራሷ ያስቀመጠችው ቅቤ አልቋል፤ ዕቃው ባዶ ነው።

"ወይ ጉድ! እንዲህ ታውቅበታለህ ለካ! በትዳር ዘመናችን አንድ ቀን ራሴን ቀብተኸኝ ታውቃለህ?"

አባቴ ቅቤ የነካ ጣቱን ከኋላው ደበቀ።

የጊዮርጊስ ዕለት ሜዳው ላይ ፈረሰኞቹ አሸተቱ። "ጎበዝ፣ ከመካከላችን ሙሽራ የጫነ ማነው?" ሲሉ ሳቁ፤ አባቴም አቀርቅሮ ሳቀ። ግልቢያው ሲጀመር እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። አባቴ እርካቡን ረግጦ ብድግ አለ። እኔም ፈራሁ፣ አልዋሽም። ጠፍሩ ቻለው! አባቴ ነጭ ልብሱ እየተውለበለበ በፊታችን ሲያልፍ፣ ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው እናቴ ናት።

እኛ ወደ ቤት ስንመለስ፣ አባቴ ፈረሱን ለወንድሙ አስረክቦ ከገበያ ለጋ ቅቤ ገዝቶ በባጃጅ መጣ። እጁን ታጠበ፣ እናቴን በርጩማ ላይ አስቀመጣት፣ ሻሿን ፈታ። ከዚያ በልማዱ እርጥቡን ጨርቅ አነሳ።

"ኧረ በጊዮርጊስ! እኔ ኮርቻ አይደለሁም!"

ጨርቁን ጥሎ ቅቤውን በመዳፉ አሟሟና ቀስ ብሎ ያሻት ጀመር። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

"ለከርሞ ቅቤውን አብዝቼ ነው የማዘጋጀው" አለችው በመጨረሻ። "ለእኔም፣ ለኮርቻህም።"