ሉፔ ያልተነሳችበት ቀን

ዛሬ በደሴታችን ከተማ በኔያፉ ልጅ ሊድር ያሰበ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የልብስ ሰፊዋን የኬሌፒን በር ነው። እሷም በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል ሳታወጣ ሙሽራዋንም እናቷንም በተረብ ትጨርሳቸዋለች። ይህችው ሴት ተማሪ ሳለች ስሟ ሲጠራ አቤት ማለት እንኳ ትፈራ ነበር ቢባል ማን ያምናል? አብረናት የተማርን ግን እናውቃለን።

ያኔ እንደ ወንዶቹ ሽርጥ ታጥቃ ነበር የምትማረው፤ የምትጠራውም አንተ እየተባለች ነው። ለራግቢ ሲፈልጓት ጉልበቴን አሞኛል ትላለች፤ ጉልበቷ ግን ደህና ነበር። በእኛ አገር በወንድነት ተወልዳ ልቧ ከሴቶቹ ወገን የሆነች ሌይቲ ትባላለች። ኬሌፒ ሌይቲ መሆኗን የማይጠረጥር ባይኖርም ደፍሮ የሚናገር አልነበረም፣ እሷ ራሷም ብትሆን። ዝም አይነቅዝም ብላ ጥግ ጥጉን ትሄድ ነበር።

የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። በምሳ ሰዓት ሴቶቹ የስፌት ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ይሰፋሉ፣ ያማሉ፣ ይሳሳቃሉ። እዚያ ገብታ መቀመጥ አማራት። የሚከለክላትም ክፉ ሰው አልነበረም። የከለከላት የአክስቷ ልጅ የሉፔ ጨዋነት ነው።

እኛ ዘንድ የአክስት ልጅ እህት ናት፤ ወንድም ከገባበት ቤት ደግሞ እህት ተነስታ ትወጣለች። አብረው ቁጭ ብለው አያወሩም፣ እሱ ባለበትም የፍቅር ወሬ አይነሳም። አባቶቻችን ያቆዩልን ክብር ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን ክብርም ሲያቆስል ያቆስላል።

ነገሩ የተጀመረው ለትምህርት ቤቱ በዓል ጭፈራ ሴቶቹ የአበባ መቀነት ሲሠሩ ነው። አናሴይኒ የምትባል፣ ስታንሾካሹክ እንኳ ድምጿ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ልጅ፣ አበባዋ እየረገፈባት ተቸገረች። ኬሌፒ በመስኮት አይታ ቋጠሮው ልክ እንዳልሆነ ብትነግራት፣ ግባና አሳየኝ አለቻት። ኬሌፒ ደፉን እንደረገጠች ሉፔ የጀመረችውን ወሬ ቆረጠች። አበባዋን በእቅፏ ሰብስባ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በጓሮ በር ወጣች። ኬሌፒ ቋጠሮውን በችኮላ አሳይታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ በኩል አላለፈችም። ካሳቫዋን ይዛ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ብቻዋን ትበላ ጀመር።

ቢሰድቧት ኖሮ ቢያንስ በሆዷ ትሳደብ ነበር። ለሚያከብራት ሰው ግን ምን ትመልስ?

አናሴይኒ ነገር የምትተው ልጅ አልነበረችም። ከታንከሩ ጀርባ ድረስ ሄዳ አፋጠጠቻት።

"ምን አድርገንህ ነው የምትሸሸን?"

"ምንም።"

"ታዲያ ና እንጂ። መቀነቴ አሁንም ዶሮ የበተነው ነው የሚመስለው።"

"እኔ ስገባ ሉፔ ትወጣለች። ከገዛ ጓደኞቿ ላባርራት?"

"ለእሷ አስበህ ብቻ ነው?"

ኬሌፒ ካሳቫዋን ስታገላብጥ ቆየች። "እንድታከብረኝ አልፈልግም" አለች በመጨረሻ።

በዕድሜዋ ስለ ራሷ ለሰው አፍ አውጥታ የተናገረችው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። ከአፏ ሲወጣ ደነገጠች፤ አናሴይኒ ግን ገባት። ለሉፔ ልንገራት ወይ ብላ ጠየቀቻት። ኬሌፒ ብዙ አስባ እሺ አለች፤ እሺ ባለች በደቂቃው ደግሞ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች።

ሉፔ መጀመሪያ ተቆጣች። እናቴ ብትሰማ ወንድሟን የማታከብር ባለጌ ትለኛለች አለች። አናሴይኒም፣ አንቺ በተነሳሽ ቁጥር በሰው ፊት ወንድ ነህ እያልሻት እኮ ነው ብላ መለሰችላት። ሉፔ ይህን ከሰማች በኋላ አንድ ቃል ሳትናገር ሰነበተች። ኬሌፒ ዝምታዋን እምቢታ አድርጋ ወሰደችው፤ ትምህርት ቤቱን ልትተው ሁሉ አሰበች።

እንዲህ ሳለ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዶፍ ዝናብ ወረደ። ከታንከሩ ጀርባ መቀመጥ አልተቻለም። አናሴይኒ በመስኮት ብቅ ብላ ስትጣራ ኬሌፒ ሮጣ ገባች፤ ሸሚዟ ከገላዋ ተጣብቋል። ሉፔ በወሬ መሃል ነበረች። ልክ ስታያት ዝም አለች፤ ከልጅነት የለመደ እግር ነውና ብድግ አለች። ኬሌፒ ወደ ዝናቡ ልትመለስ ዞረች።

"ወዴት ነው?" አለች ሉፔ። እንደቆመች ጥቂት አመነታች። ከዚያ ቁጭ አለች፤ አበባዎቹን ገፋ አድርጋ ከጎኗ ቦታ ለቀቀች። "ነይ እህቴ፣ እዚህ ተቀመጪ። ያንን መርፌም አቀብዪኝ።"

ኬሌፒ ሄዳ ተቀመጠች። መርፌውን ልታቀብል ብላ ሁለቴ ጣለችው። እንባም አልመጣላት፣ ሳቅም አልመጣላት፤ እፎይ ብቻ አለች፣ ሳታስበው ጮክ ብላ፣ ሴቶቹም ሳቁባት። በእሷ ላይ ተስቆ ደስ ያላት የዚያን ዕለት ነው። አናሴይኒ ጊዜ ሳታባክን መቀነቷን ኬሌፒ ጉልበት ላይ ወረወረችው።

ሉፔ ያቋረጠችውን ወሬ ቀጠለች። በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ መሃል ሆኖ ስለሚያያት ወንድ ልጅ ነበር፤ ወንድም ባለበት የማይነሳ ወሬ። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። ይልቅ ወደ ኬሌፒ ዞረች።

"አንቺ ከወንዶቹ ጋር ስለምትቀመጪ ታውቂዋለሽ። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ እንዴት ያለ ሰው ነው?"

ኬሌፒ መቀነቱን እየቋጠረች ትንሽ አሰበች።

"እግሩ ይሸታል" አለች።