ሙሽሪት ከተረቱ የወጣች ለት

ገና ድምፄ የልጅ ሳለ፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አመሻሽ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር አራት ሆነን አያ ሰይድ ዘንድ እንሮጥ ነበር። አያ ሰይድ የሰፈራችን ጣውላ ቤት ዘበኛ ናቸው፤ በጉብዝናቸው ዘመን በአሰብ መንገድ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው። የቆርቆሮ ምድጃቸው ላይ ቁርጥራጭ ጣውላ ይማግዱና፣ ፍሙ እስኪቀላ፣ የሰጋቱራው ጭስ ዓይናችንን እስኪያስለቅሰን ጠብቀው ተረታቸውን ይጀምራሉ። ያኔ ታዲያ ዝም ብሎ ተቀምጦ መስማት የለም፤ ድምፅ እናዋጣለን። ይመር በወፍራም ጉሮሮው ዳገት ላይ የሚያቃስት ሞተር ይሆናል፣ ተስፋዬ ነፋስ፣ አብዱ የጅብ መንጋ። እኔ ድምፄ ቀጭን ስለነበር ሾፌሮችን እየጠራች በረሃ ላይ የምታስቀር የጂን ሙሽራ ነበርኩ። ፋኖሱን ዝቅ አድርገው «በሉ፣ ሙሽሪት መጣች» ሲሉ ሦስቱ ከስር ያጉረመርማሉ፣ እኔ ከላይ አዜማለሁ።

ዘፋኝ የሆንነው እንዲሁ ነው። ሰው «ሞተሮቹ» አለን። መሣሪያ የለንም፣ በአፋችን ብቻ ነው፤ ሰርግ ቤት መብራት ጠፍቶ ኪቦርዱ ዝም ሲል «እነዚያን ልጆች ጥሯቸው» ይባል ጀመር። በኋላማ መብራቱ እያለም ይጠሩን ነበር። ቦሩ ሜዳ ዘፍነናል፣ ገራዶ ዘፍነናል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ጥዬ ቀን ቀን የኮምቦልቻ ሚኒባስ ረዳት ሆንኩ። ቤት ውስጥ ሲቆጡኝ «ዘፋኝ ነኝ» እላለሁ። ከዚያ ሌላ የምለው አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት መናኸሪያ «ኮምቦልቻ» ብዬ ስጣራ ድምፄ መሃል ላይ ተሰነጠቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላም አጣሁ። ዝንጅብል አኘክሁ፣ ማር ላስኩ፣ አንገቴን በፎጣ ጠቀለልኩ። ድምፄን ልቆጥብ ብዬ ተሳፋሪ በእጄ መጥራት ስጀምር ሾፌሬ «አቦ፣ ሰው ነው የምትጭነው ወይስ ዝንብ የምታባርረው?» ብሎ መናኸሪያውን አሳቀብኝ። ለልጆቹ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ዘፈኑ ከቀረ ምን ነኝ?

አንድ ምሽት አያ ሰይድ በረሃውን አሻገሩን፣ ጅቦቹን አሳለፉን፣ ሙሽሪትን ግን ሳይጠሯት ተረቱ አለቀ። በሌላውም ምሽት እንዲሁ። ተስፋዬ «ሙሽሪትስ የት ደረሰች?» ብሎ ሲጠይቃቸው ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ ወደኔ ሳያዩ፣ «አግብታ ጅቡቲ ገባች» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን አወቁብኝ አልኩ። ያኔ የመሰለኝ እያባረሩኝ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ኮምቦልቻ ትልቅ ሰርግ ተጠራን። የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ቆላው ስንወርድ፣ ሙቀቱ ጉሮሮዬን ይከፍትልኛል ብዬ በሆዴ ጀሊሉን ስለምን ነበር። ዳሱ ሞልቷል። ይመር ከስር ያዘልኝ፤ አፌን ስከፍት የወጣው የተቀደደ፣ የማላውቀው ነገር ነው። ደገምኩ፤ ባሰ። ከሴቶቹ መሃል አንዷ «ውይ፣ አውራ ዶሮው ታነቀ» ስትል ዳሱ ሙሉ ሳቀ። እግሬ ሊሸሽ ሲል ዜማዬ ከጎኔ ተነሳ። አብዱ ነበር። እያንዳንዱን መታጠፊያ፣ እኔ የምተነፍስበትን ቦታ ሳይቀር ያውቀዋል። ሰዉ እልል አለ። እኔ ቆሜ አጨበጨብኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ስንመለስ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ይመር እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።

«ድምፅህ ሲሰነጠቅ ቀድመው የሰሙት አያ ሰይድ ናቸው» አለኝ። «ራሱ እስኪናገር እንዳትነኩት፣ አብዱ ግን ይዘጋጅ አሉን። ስትደበቅ እያየንህ ነው የከረምነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንተስ?»



ሞተሮቹ ያለ እኔ ጥቂት ሰርጎች ሠሩ። ከዚያ የአብዱም ጉሮሮ ወፈረ፣ ይመር ዐረብ አገር ሄደ፣ ቡድኑም በዚያው ተበተነ። አያ ሰይድንም ቀበርናቸው፣ አላህ ይዘንላቸው። ተረቶቻቸውን አብዛኛውን ረስቻቸዋለሁ። ያልለቀቀኝ ያ ፍርሃት ነው፤ ዛሬም ሰው ፊት አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ የትኛው ድምፅ ሊወጣ ይሆን ብዬ አንድ ትንፋሽ እጠብቃለሁ። ሰው ታዲያ አስቦ የሚናገር ልጅ ይለኛል።