ስለ እናቴ የተናገርኩበት ቀን

ከሥራ ቦታዬ ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ ነው የወሰዱኝ። በስብሰባ ላይ ተናገርክ የተባልኩት ነገር ነበር፤ ተናግሬዋለሁም። የታሰርኩባት ክፍል መስኮቷ መዳፍ አያህልም፤ አሥራ አራት ሰው ሸሚዙን አውልቆ ላቡን ያንጠባጥባል። የባሮ ወንዝ ቅርብ ነው። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሳቅ ይሰማናል፤ ነፋሱ ግን አይደርሰንም።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ መሆኔን ሲሰሙ «ዶክተር» አሉኝ። ነርስ ነኝ ብል ማን ሰምቶኝ!

በሦስተኛው ቀን ከማታር የመጣ፣ በጀልባ ጭነት ሲያወጣና ሲያወርድ የኖረ ረጅም ሰው አስገቡ። ቀን ቀን ጭምት ነው። አመሻሽ ላይ የብረቱ በር ጓ ብሎ ሲዘጋ ግን ጮኸ፤ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አላተመ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ፖሊሱ በበሩ ቀዳዳ «ነገም ከጮኸ ቆርቆሮ ቤት ብቻውን ይገባል» አለ። ግቢው ውስጥ ያለችውን፣ ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ የሆነችውን ክፍል ሁላችንም እናውቃታለን። በጋምቤላ ሙቀት ጤነኛ ሰው እንኳ ከእሷ ተደግፎ ነው የሚወጣው።

ጠዋት አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እኔ እብድ አይደለም» አለኝ። «በር ሲዘጋ ብቻ ነው። ልጅ እያለሁ ሰዎች ሊገድሉን መጡ። አባቴ እህል ቤት ደበቀኝ። በውጭ ዘጋ። አባቴ ሊከፍት አልመጣም።»

«ማን ከፈተልህ?»

«ሌላ ሰው። በሁለት ቀን።»

ለክፍሉ አለቃ፣ ካቦ ለምንለው ሰው፣ ነገርኩት። ሰውየው በሩን ራሱ ከውስጥ ስቦ እንዲዘጋው ፖሊሱን ለምንልኝ አልኩት። ካቦ ሳቀ። «ዶክተር፣ ይሄ በዘሩ ያለ ነው። ለእብድ ዘር ምን ይደረጋል? ይውሰዱትና እንተኛ።»

የተማርኩትን ልዘረግፍለት ነበር። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። «እኔም የእብድ ልጅ ነኝ» አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ። «እናቴ ጸበል ቦታ ሰባት ዓመት በሰንሰለት ታስራ ነው የሞተችው። እኔንም አብረው ይውሰዱኝ።»

በአገሬ በደጋው ጋብቻ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠናው ይኸው ነው። እኔና ወንድሜ «እናታችን በወባ ሞተች» እያልን ነው ያደግነው፤ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ካቦ ተነስቶ በሩን አንኳኳና ፖሊሱን ጠራው።

ያን ምሽት ሰውየው የበሩን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ፖሊሱ ከውጭ ሆኖ ጠበቀው፤ ለምን እንደታገሠው ዛሬም አላውቅም። ሰውየው በሩን ቀስ አድርጎ ሳበው። ቁልፉ ሲዞር እጁን ከብረቱ ሳያነሳ እዚያው ቁጭ አለ። አልጮኸም።

አንድ የአገሬ ልጅ ከእኛ ክፍል ቀድሞኝ ተፈታ። እኔ ስወጣ ወሬው ደጋ ደርሶ፣ የታጨችው የወንድሜ ልጅ ጋብቻ ፈርሷል። ወንድሜ «እናታችንን አደባባይ አወጣሃት» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ፤ ከዚያ ወዲህ አላነጋገረኝም። ያመኛል። ያን ሰውዬ አሳልፌ ብሰጠው ግን የባሰ ያመኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ልጅቱ ደወለች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። «ጋሼ፣ እኔንም ይይዘኛል?» አለችኝ። ለስንቱ ቤተሰብ የመለስኩት ጥያቄ ነው። ለእሷ ግን ስለ እናቴ፣ ከመታመሟ በፊት ስለነበረችው ሴት፣ ማውራት ጀመርኩ። ልጅቱ አቋረጠችኝ።

«ስሟ ማን ነበር?»

ነገርኳት።