ወባ የማይወጣበት አገር

ሽባባው በወልቂጤ ዙሪያ ባሉ ቆላ ቀበሌዎች የወባ መድኃኒት ሲረጭ ነው ጉልምስናው ያለፈው። መርጫውን በጀርባው አዝሎ ቤት ለቤት ይዞራል። ሰው ሁሉ «ባለወባው» ይለዋል፤ እሱም ስሙን ይወደዋል። ርጭቱ ግን ዳገቱ ሥር ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ በላይ ደጋ ነው፤ ብርዱ ራሱ ከወባ ይጠብቀዋል ይባላል። የሽባባው የአባቱ ቤትም ከዚያ በላይ፣ ቸሃ ውስጥ ነው።

ለመስቀል መቼም የጉራጌ ልጅ ከያለበት አገሩ ይገባል። ሽባባውም ደርግ በወደቀ ማግስት ሥራ ከያዘ ጀምሮ አንድም መስቀል አላጎደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለአባቱ ለአቶ ተሰማ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዞ ይወጣ ነበር። ጥቅምት ሲገባ ውርጩ የእንሰቱን ቅጠል ይለበልበዋል፤ ሽማግሌውም ከምድጃው ዳር አይነሱም። በኋላ በኋላ ብርድ ልብሱ ቆጥ ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

«ይኸውልህ ልጄ፣ ሌሊቱ እንደ ድሮው ሰውነት አያኮማትርም። ውርጭ ካየን ስንት ጊዜያችን!» ይሉታል። እሱም ደስ ይለዋል፤ ለሽማግሌ አጥንት ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣል? አንድ ጊዜ ስልጠና ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ፣ በአገሪቱ ብዙ ቦታ የሌሊቱ ሙቀት ከቀኑ ሙቀት ፈጥኖ እየጨመረ፣ የበጋው ሌሊትም የቀድሞ ቅዝቃዜውን እያጣ መሄዱን ሰሌዳ ላይ እየሳለ አስረድቶ ነበር። ሽባባው ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ የሌላ ሰው አገር ወሬ መስሎት አለፈው።

በ2001 ለመስቀል ቤት ሲደርስ እህቱ መሰለች ተኝታለች። አባታቸውን የምትጦረው፣ እንሰቱን የምትፍቀው፣ ቤቱን ያቆመችው እሷ ነች። ትንቀጠቀጣለች፤ ቀጥላ በላብ ትጠመቃለች። ማግስቱን ተሽሏት ለበዓሉ ቆጮ ትጋግራለች፤ ከዚያ ደግሞ ያው ይመለሳል። ቆላ ቢሆን ኖሮ ሽባባው ከበር ላይ ሆኖ በሽታዋን በስሙ ይጠራው ነበር።

«ጉብሬ ጤና ጣቢያ ወስደን ብናስመረምራትስ?» አሉ አባቱ።

«አባባ፣ ወባ እዚህ ምን ሊሠራ ይወጣል? ምች ነው። ትኩስ ነገር ትጠጣ፣ ደረብ አድርጋ ትተኛ።»

ክርክሩ አበቃ። ባለወባው ወባ አይደለም ካለ ማን ይከራከራል? መሰለች ራሷ «እሱ ያውቃል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጎረቤቱም ክትፎውን እየበላ ይኸንኑ ተቀባበለው። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው ሥራውን አውቃለሁ የሚል ሰው ነው፤ የማያውቅማ ፈርቶ ይሮጥ ነበር።

በዓሉ ሲያልፍ መሰለች ሰው መለየት አቆመች። ያኔ በቃሬዛ ተሸክመው ጉብሬ አወረዷት። ደሟ ታየ፤ ወባ ነው፣ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል። ሳይመሽ አረፈች።

ለቅሶው ላይ የሽባባው እንባ እምቢ አለ። አባቱ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተነፈሱም፤ እሱ ግን ቢሰድቡት በወደደ።

ጎረቤታቸው ዘይባ ከለቀስተኛው መሀል ጠርታ ገለል አደረገችው። ባሏ ከትናንት ጀምሮ እየተንቀጠቀጠ ነው።

«ወላሂ፣ በሐዘንህ ልረብሽህ አልፈለግሁም» አለችው። «ግን አንተ ታውቃለህ። ብርድ ነው በለኝና ልረፍ።»

ሽባባው ቀና ብሎ አያት። ከዚህ ሁሉ በኋላም ታምነዋለች።

«አላውቅም፣ ዘይባ» አላት። «እኔን አትስሚ። አሁኑኑ እናውርደው።»

መሰለችን ያወረዱበት ቃሬዛ ገና አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። አንዱን ጫፍ እሱ ያዘ።