ከደጅ የቀረው እግር

ትናንት አጋሚም ሰፈር ያለው ቤቴ በሩ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ቢያስቸግረኝ ማጠፊያውን ዘይት ቀባሁት። ያ ሽታ አያቴን፣ አባባን፣ መልሶ አመጣብኝ።

አባባ ከጎንደር ስንወጣ ፈንጂ ረግጠው አንድ እግራቸውን አጥተዋል። አሽቀሎን እንደገባን የብረት እግር ተሠራላቸው፤ ሺምሾን ሰፈር በነበረው ቤታችን መስኮት ሥር ቁጭ ብለው ጉልበቱን ዘይት ይቀቡት ነበር።

አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ኮሚክስ ይዤ ገባሁ። በሚመጣው ዘመን ግማሽ አካላቸው ብረት የሆነ ክፉዎች ከየት እንደተነሡ በሥዕል የሚተርክ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ነው። አባባ አንዱን ባለ ብረት እግር በጣታቸው ነክተው፣ "ይኸ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ።

"ሰው ነበር። ብረቱ ሲገባለት ራሻ ሆነ" አልኳቸው። ራሻ በዕብራይስጥ ክፉ ማለት ነው፤ አማርኛው ቶሎ አልመጣልኝም።

"ሬሳ?" አሉ ደንገጥ ብለው።

ራሻ ያሉ መስሎኝ፣ "ኬን፣ ኬን፣ አዎ" ብዬ ገጹን ገለጥኩ።

አመሻሽ ላይ ለሰንበት ጸሎት ስንሰበሰብ አባባ ግድግዳ ተደግፈው በአንድ እግራቸው ገቡ። የብረቱን ከደጅ ትተውታል። በእኛ ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው እስኪነጻ ከሰው እንደማይቀላቀል እንኳን እሳቸው እኔም አውቃለሁ።

"ለካ ይኸን ሁሉ ጊዜ ሬሳ ተሸክሜ ነው እናንተን የምመርቅ!" አሉ፣ ከሁላችንም ርቀው እየተቀመጡ።

እናቴ ግራ ገብቷት አየችኝ። ላርማቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ልበል? ሬሳ አይደለም አባባ፣ ክፉ ነው ልበላቸው?

ዘይቱን የጠጣው በር አሁን ዝም ብሏል። አባባን ግን ያን ዓርብ አላረምኳቸውም።