ምን በልተሽ ነው የምትወጊው?

እኅቴን ስኳር የያዛት ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ነው። ቆሽቷ ኢንሱሊን ማምረት ስላቆመ በየቀኑ መርፌ ትወጋለች። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስንኖር፣ ታላቋ ነኝና የመርፌዋ አዛዥ እኔ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ተወግታ ቁርስ ሳትበላ ወጥታ፣ ስኳሯ ወርዶ ደረጃው ላይ ወደቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ስኳር ከእኔ በላይ አዋቂ ጠፋ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እኔን ይጠይቅ ጀመር።

ባለፈው ዓመት የቤት ኅብረታችን ለእሷ ፈውስ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ያዘ። ከውሃ በቀር ምንም አይቀመስም። ይህን የሰማ ሁሉ ጸላዮቹን ይረግማል። አይርገም። የኅብረታችን መሪ "መጀመሪያ ሐኪሟን ጠይቁ" ብላን ነበር። ይሄ ደግሞ ምን ያስጠይቃል ያልኩት እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ጠዋት እኅቴ ኢንሱሊኗን ከፍሪጅ አውጥታ፣ "መርፌዬንስ?" አለችኝ።

"ምን በልተሽ ነው የምትወጊው? በባዶ ሆድሽ ልትወድቂብኝ?" ብዬ ከእጇ ተቀብዬ መለስኩት።

በሁለተኛው ቀን ውሃ በላይ በላዩ ትጠጣለች፣ ከሽንት ቤት አትወጣም። ጾሙ ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ያስመልሳት ጀመር። ትንፋሿ የከረመ ፍራፍሬ ይሸታል፤ ዳገት እንደሮጠ ሰው ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ታክሲ ይዘን ሀይሌ ጋርመንት ጋ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቷል። ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር፤ ብጠራት አልመልስ አለችኝ።

ተረፈች። በማግስቱ ዓይኗን ገልጣ ሳለ ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ አስረዳኝ። ሰው ባይበላም ጉበቱ ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ኢንሱሊን ከሌለ ያ ስኳር ወደ ሴሎች አይገባም፣ ደም ውስጥ ይከማቻል። ሰውነት ስኳር ሞልቶት እየተራበ ስቡን ያነዳል፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደሙን ይመርዛል። ሰው ባይበላ የመርፌው መጠን በሐኪም ይስተካከላል እንጂ ጭራሽ አይቆምም አለ።

"ማነው ያስቆማት?"

ጎንበስ ብዬ ጫማዋን ከአልጋው ሥር አነሳሁ። የፈራሁት ለእሷ አልነበረም፤ ለራሴ ስም ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ይመረኛል።

"እኔ ነኝ ዶክተር" አለች እኅቴ በደረቀ ከንፈሯ። "ራሴ ነኝ ያቆምኩት።"

ሐኪሙ ወደ እሷ ዞሮ ተቆጣት። ይህን ያህል ዓመት ታክመሽ ይሄ ይጠፋሻል? ራስሽን ልትገድይ ነበር እኮ አላት። ዓይኗን ሰብራ "ይቅርታ" አለችው።

እኔም ጫማዋን በእጄ እንደያዝኩ፣ "ይንገሩልኝ ዶክተር" አልኩ።