የሠላሳ ሰው ቃል

ከፎቶ ኮፒ ማሽን ገና የወጣ ወረቀት ለብ ይላል። እንደ ትኩስ ዳቦ መዳፍ ያሞቃል፤ ሽታው ግን ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማ ሽታ ነው። ዛሬ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ለማባዛት ወረፋ ስይዝ፣ ያ ሙቀት እጄን ሲነካው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ መዳፌን በቀሚሴ እጠርጋለሁ። ባልደረቦቼ «ተፈታኞቹ ልጆቹ ናቸው ወይስ አንቺ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ነገርን ከመካከሉ መጀመር ስለማልወድ ከሥሩ እነሣለሁ።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ተማሪው ሁሉ «አንድ ለአምስት» እየተባለ በሚቧደንበት ጊዜ ነበር። ሕግ መማር እፈልግ ነበር፤ የደረሰኝ ግን ሳይኮሎጂ ሆነ። ጓሳ ከሚባለው የሣር ተራራ አጠገብ ባለው መንደራችን ይህን ስናገር አክስቴ ደረቷን ይዛ «እብድ ልታክሚ? ምነው፣ ሌላ አጡልሽ?» አለች። አባቴ በበኩሉ ለጠየቀው ሁሉ «የሰው ጠባይ ነው የምታጠናው» ይል ጀመር። ማን እንዳስጠናው አላውቅም፤ መልሱ ከእኔ መልስ ይሻል ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ የመጨረሻው ዓመታችን ማለት ነው፣ በዶርማችን ሌላ ወሬ አልነበረም። ተመርቀን ምን እንሆናለን? የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አካውንታንት ይፈለጋል፣ ነርስ ይፈለጋል፤ ሳይኮሎጂስት የሚል ግን አይለጠፍም። ከጎኔ የምትተኛው ጓደኛዬ የሥራ ማስታወቂያ ያለበትን ጋዜጣ አንብባ ስትጨርስ አጥፋ ፍራሿ ሥር ታደርገውና «ዛሬም ማንም አልፈለገንም» ትል ነበር። እንስቃለን። ሳቁ ግን ቶሎ ያልቅ ነበር።

አማካሪ መምህሬ ተማሪ የሚያነጋግሩት ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ወረፋ የሚጠብቅ ተማሪ ጀርባውን ስለሚያስደግፍበት የኮሪደሩ ግድግዳ እስከ ትከሻ ድረስ ወይቧል። ተራዬ ደርሶ ስገባ ጣታቸውን እየቆጠሩ አስረዱኝ። በትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ መሆን ይቻላል። በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ቦታ አለ። ሆስፒታሎች ደም ለሚመረመሩ ሰዎች ምክር የሚሰጥ ይፈልጋሉ። ወላጅ አልባ ልጆች የሚረዱ ድርጅቶችም አሉ።

«ሥራው አለ» አሉኝ። «በስምሽ የሚጠራሽ ግን አትጠብቂ። አንቺ ነሽ ሄደሽ፣ ይህን እችላለሁ የምትያቸው።»

አምስተኛው ጣታቸው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የትምህርት ክፍሉ በዚያ ዓመት አንድ ረዳት ምሩቅ ያስቀራል፤ የሚቀረው ሰው እያስተማረ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። «ውጤትሽ ይበቃል። የመመረቂያ ጽሑፍሽ ካማረ ስምሽን እኔ አቀርባለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልዋጥልኝ አለ። ተስፋ እንዲህ እንደሚያስጨንቅ አላውቅም ነበር። እስከዚያ የማጣው ነገር አልነበረኝም፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ግን የማጣው አገኘሁ። ዛሬ እኔም ተማሪዎቼን ስለ ወደፊት ዕድላቸው ሳነጋግር፣ መልካም ነገር ከነገርኳቸው በኋላ ፊታቸውን ደጋግሜ አያለሁ።

ጥናቴ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያሳድጉ ነበር፤ ቦታው ደግሞ የራሴ መንደር። መጠይቁን በፎቶ ኮፒ አባዛሁ፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ለብ ይል ነበር። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሐሳቦች ተዘርዝረዋል፤ መላሹ «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» በሚለው ሥር የኤክስ ምልክት ያደርጋል። የሚያስፈልጉኝ ሠላሳ ሰዎች ነበሩ፤ እንዳይጎድልብኝ ብዬ ትርፍ ወረቀትም ያዝኩ። የአማካሪዬ ማሳሰቢያ አንድ ብቻ ነበር።

«እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ጠይቂ። ጎረቤቱ እየሰማው ሰው የልቡን አይናገርም።»

በየካቲቱ እረፍት አገሬ ገባሁ። ያለኝ አምስት ቀን ነው። ቤቶቹ በገደልና በገመገም የተራራቁ ናቸው፤ ነፋሱ ወረቀቱን ከእጄ ሊነጥቀኝ ይታገላል። በሁለት ቀን ሁለት ቤት ብቻ ደረስኩ፤ ከሁለቱም ባዶ እጄን ተመለስኩ። አንደኛው ጎረቤታችን ለብቻው ላነጋግረው እንደምፈልግ ስነግረው በርጩማው ላይ ተነቃነቀና «ሚስቴ ትውጣ? ምን አድርጋ?» አለኝ።

አባቴ አዘነልኝ። «ልጄ፣ ለምን ትንከራተቻለሽ? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ሁሉም አለ።»

እሺ አልኩ። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይህ ነው።

ሰንበቴ ቤቱ የጠላና የረጠበ በርኖስ ሽታ ነበረው። በበሩ የሚገባው ብርሃን እግራችን ላይ ብቻ ይወድቃል። ወረቀቱን አደልኩ፤ መጻፍ ለማይችሉት ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆቻቸው እስክሪብቶ ያዙላቸው። የሰንበቴው ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪን። ከመካከላቸው ያበደውን ለይተሽ ነይ ብለው ነው የላኩሽ?»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ስቄ የመጀመሪያውን አነበብኩ፤ «ልጄን ስቀጣ ምክንያቱን እነግረዋለሁ።»

«ያጠፋው እሱ፣ ምክንያት የምናገረው እኔ!» አለ አንዱ።

«ብትነግረው ምን ይቆረጥብሃል?» አለች ሚስቱ።

ተጯጯሁ፤ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሙሴው እጃቸውን አነሡና «እንግዲህ እንስማማለን» አሉ። ሠላሳ እስክሪብቶ በአንድ ጊዜ አጎነበሰ። ደነገጥኩ።

«አባቶቼ፣ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ሐሳብ ነው የምፈልገው...»

«የየራሳችንን አይደል እንዴ የተናገርነው?» አሉኝ ሙሴው በየዋህነት።

ይህን ላስረዳሽ። የጓሳ ሣር የሚታጨደው በምክር ነው። ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆያል፤ መቼ እንደሚከፈት ሲማከሩ የሚሰዳደቡም አሉ። ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ግን የተለየ ቃል ያለው ሰው የለም። ቃል ያጠፈ ሰው በማግስቱ እሳት የሚያቀብለው ጎረቤት አያገኝም። ያን ዕለት የሰጡኝ ያላቸውን ምርጥ ነገር ነበር፤ ተከራክረው ያነጠሩትን ቃል። እኔ ደግሞ ወረቀቱን ሲያዩ የአማካሪዬ ፊት ምን እንደሚመስል እያሰብኩ ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

ብዙ ያከራከረው «ከእርሻ ሥራ የልጄን ትምህርት አስቀድማለሁ» የሚለው ነው። የትምህርት ቤቱን ድንጋይ የተሸከሙት ራሳቸው ነበሩ፤ ማንም ልጁን ከትምህርት እንዳያስቀርም ተማምለው ነበር። በሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ አባት ግን ሚስቱ ታማበት በመኸሩ ሴት ልጁን ቤት አውሏታል።

«ሰው ሲቸግረውስ?» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ሲቸግርህ ንገረን እንጂ ልጅቱን አታስቀር» አሉት ሙሴው። «ገብሱን እኛ እናጭድልሃለን።»

ብዙ ቆይቶ «እስማማለሁ» አለ። ኤክሱን ያደረገችለት ራሷ ልጅቱ ናት፤ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ሊበሳ እስኪደርስ ተጫነችው።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ተመልሼ ሠላሳውን ወረቀት አልጋዬ ላይ ደረደርኩ። ሁሉም አንድ ነው። ጓደኛዬ አገላብጣ አየችና ፉጨት አሰማች።

«ቲቸር ይህን ካየ፣ ቁጭ ብለሽ ራስሽ ሞላሽው ነው የሚልሽ።»

«የሆነውን እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ? ለየብቻ ጠይቂ ያሉኝን ድግስ ላይ ጠየቅኋቸው ብለሽ?»

ወረቀቶቹን ከአልጋው ላይ መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ጥቂቱን ቀያይሪዋ። ማን ይጎዳል?»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ትርፉን ወረቀት አወጣሁ። ዘጠኝ መጠይቅ እንደ አዲስ ሞላሁ፤ ስለ ትምህርት የሚጠይቀውን በዘጠኙም ላይ «አልስማማም» አደረግሁት። ለምን እሱን መረጥሽ ብትዪኝ፣ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ገበሬ የልጁን ጉልበት ይፈልጋል ይሉ ስለነበር፣ ሰው የሚያምነው መሰለኝ። ከዚያ የእነሱን ቀደድኩ። ከቀደድኳቸው መካከል ያ ወረቀቱን ሊበሳ የደረሰው ኤክስ ነበረበት። አየሁት፤ ግን ቀደድኩት።

አማካሪዬ ጽሑፉን አንብበው «ንጹሕ ሥራ ነው» አሉ። ስሜን ለረዳት ምሩቅነቱ አቀረቡ።

ለፋሲካ አገሬ ስገባ አባቴ ጽሑፉን አገላበጠ፤ አሸተተው። በዳግማ ትንሣኤ ሰንበቴ ላይ በነጠላው ጠቅልሎ ይዞት መጣ። «ቃላችን ምን እንዳፈራ አንብቢልን» አለኝ በሰው ሁሉ ፊት።

«በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ አባዬ።»

«ታዲያ ዲያቆኑ አለ አይደል!»

ዲያቆኑ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ነበር። ጽሑፉን ከአባቴ ተቀብሎ ሰንጠረዡን ገለጠ።  ጣቱን በመስመሩ ላይ እየጎተተ ትምህርት የሚለው ላይ ደረሰ።

«አግሪ... የተስማሙ ማለት ነው፣ ሃያ አንድ። ዲስአግሪ... ያልተስማሙ፣ ዘጠኝ።»

ሙሴው ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «ዘጠኝ ምን?»

«ዘጠኝ ሰው፣ አባ። አልስማማም ያለ።»

 የሰው ዓይን ቀስ እያለ ወደ በሩ ዞረ። ያ አባት ብድግ አለ።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ? እዚሁ በፊታችሁ እሺ ብያለሁ! ልጄን ጠይቋት!»

«ልጅህማ የነገርካትን ነው የምትጽፈው» አለ አንድ ድምፅ ከጨለማው በኩል።

«ሌሎቹስ ስምንቱ እነማን ናቸው?» አለ ሌላው፤ ሰዎቹ አጠገባቸው የተቀመጠውን ማየት ጀመሩ።

እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ዝም ብል ስሜ ቀርቧል፣ ቦታው የእኔ ነው፤ እነሱ ግን በአንድ መንደር ውስጥ ዘጠኝ ከሃዲ ሲፈልጉ ሊኖሩ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁላችሁም አንድ ቃል ነበራችሁ። አይታመንም ብዬ ቀየርኩት።»

አባቴ ቀና ብሎ አላየኝም። ሙሴው ዘንጋቸውን ይዘው ተነሡ፤ ሽማግሌዎቹ ተከትለዋቸው ወጡ። ከግድግዳው ማዶ ሲማከሩ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። በሩ አጠገብ ያለው ሰው ተመልሶ ተቀመጠ። ሲመለሱ ሙሴው ቆመው ተናገሩ።

«ለኛ ነገርሽን። ለመምህርሽ ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

«እንግዲያው ሂጂና ንገሪያቸው። ብቻሽን ግን አትሄጂም፤ አባትሽ አብሮሽ ይሄዳል።» ቁጣ የለበትም፤ የሣር ቀን እንደመቁረጥ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አባቴ በርኖሱን ለብሶ በዚያ ኮሪደር ቆመ። ተማሪ ሁሉ መምህር እየመሰለው ባለፈ ቁጥር ቆቡን ያነሣል። እኔ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

አማካሪዬ እስክጨርስ ሰሙኝ። «ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?»

«ቦታውን እንዳላጣ ብዬ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ስምሽን ከረዳት ምሩቅነቱ እሰርዛለሁ። ጽሑፉንም የሆነውን እንደሆነው አድርገሽ እንደገና ትጽፊዋለሽ። ከጓደኞችሽ ጋር በሰኔ አትመረቂም።»

እሺ አልኩ። በሩን ሲከፍቱልኝ አባቴን አዩት።

«አባቷ ነዎት?»

«አዎ ጌታዬ። ቃሉን የሰጠነው እኛ ነን። አንድ ነበር፤ አልተለያየንም። ይህን ልመሰክር ነው የመጣሁት።»

 አማካሪዬ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥተው አስቀመጡት። «ብዙ የተከራከራችሁበት ጥያቄ የቱ ነበር?» አሉት። አባቴ ሲያወራ እሳቸው ይጽፉ ነበር። ደጅ ወረፋ የሚጠብቁት ተማሪዎች አንገታቸውን እያሰገጉ ያዩናል። አማካሪዬ ሳያቋርጡ እንዲህ ሲያዳምጡ አይቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ አገራችን ስንመለስ ጣርማበር ላይ ጉም መስኮቱን ሸፈነው። አባቴ ደስ ብሎት ነበር።

«ደግ ሰው ናቸው። እንግዲህ ስትጨርሺ ከሳቸው ጋር ነዋ የምትሠሪው?»

በሩ ዝግ ሳለ የተባለውን አልሰማም። «እናያለን፣ አባዬ» አልኩት።

«እናያለን» አለ እሱም። መዘዞን ሳናልፍ እንቅልፍ ወሰደው፤ ራሱ ቀስ እያለ መጥቶ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሞላሌ ስንደርስ ሰው ሲወርድ፣ ሰው ሲሳፈር አልነቃም። ክንዴ ደነዘዘ። እስከ መውረጃችን እስከ መሐል ሜዳ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።